ትንፋሿን እስክትመልስ

ሰበታ ላይ ራህመትን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ከአዲስ አበባ የጅማን መንገድ ይዞ ለሚመጣ፣ የሚኒባስ ተራውን አለፍ እንዳለ በስተቀኝ ያለችው፣ በሯ ላይ የፕላስቲክ ባልዲና የሳሙና ካርቶን የተቆለለባት ሱቅ የእሷ ናት። ግን ማንም ራህመትን በሱቋ አያነሳትም። የምትነሳው በመኪናዋ ነው። አጭር ናት፤ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ወንበሩ ላይ ትራስ ደርባ፣ አሮጌዋን ላንድክሩዘር ፒክአፕ ጨውና ጀሪካን፣ ነጠላ ጫማና ብርድ ልብስ ጭና ወደ ገጠር ገበያ ስትነዳ ያየ ሰው አይረሳትም። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁባት። ከዚያ ለመዷት። በኋላ ደግሞ የራሳቸው መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀር "እስቲ ራህመትን ጥሯት" ማለት ጀመሩ። የወንድ ነገር እንዲህ ነው።

መኪናዋን የገዛው ባሏ ጃዕፈር ነበር፣ አላህ ይዘንለትና። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር፤ በሁለት ነገር ግን ቀልድ አያውቅም፤ በሶላትና በሰላምታ። መንዳት ሲያስተምራት ከፍሬንም ከፍሪሲዮንም በፊት ያስተማራት ይህን ነው፤ ሽማግሌ ፊት ወይም ለቅሶ ፊት ስትደርሺ ሞተር አጥፊ፣ ውረጂ፣ ከዚያ ሰላም በይ። "መኪና እያጓራ ሰላምታ የለም" ይላት ነበር። "ሞተር ሳያጠፋ ሰላም የሚል ሰው ለመሄድ የቸኮለ ሰው ነው።" ይህን አመሉን ገጠሩ ሁሉ ያውቅለታል። የጃዕፈር መኪና ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል፤ ሰው ፊት ስትደርስ ግን ጸጥ ትላለች። ገበሬው ወደደው። ዱቤ ሲጠይቁት እንኳ መኪናውን አጥፍቶ ነው የሚከለክላቸው ብለው ይቀልዱበት ነበር።

ከሁሉም ገበያ የሚበልጥባቸው ዲማ ነበር። ዲማ በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው። ከወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለች ቀይ አፈር መንደር ናት፤ ገበያዋና ቤተ ክርስቲያኗ አናቷ ላይ ተቀምጠዋል፣ እዚያ የሚያደርሰው ዳገት ደግሞ ጋሪ አይወጣውም፣ አይሱዙ እግሩ ሥር ቆሞ አንጋጦ አይቶት ይመለሳል። ስለዚህ ዲማ ድረስ ዕቃ ያደረሰ ነጋዴ ተፎካካሪ የለውም። የአገሩ ሽማግሌ ኦቦ ነገሳ ናቸው፤ ፈረሰኛ ናቸው፣ ቁጥብ ሰው። ጃዕፈር የሞተ ቀን ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው በፈረስ ወርደው፣ ሙስሊም መቃብር አጥር ውጭ ልጓማቸውን ይዘው፣ ሥርዓቱ እስኪያልቅ በፀሐይ ቆመው ዋሉ። ራህመት ይህን ከልቧ አላወጣችውም።

ጃዕፈር ከሄደ በኋላ መኪናዋም እሱን ተከትላ የምትሄድ መሰለች። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ታቃስታለች፣ ከዚያ ትቆማለች። ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ሴቶቹ ዳገቱ ሲጀምር ሳይነገራቸው መውረድ ለመዱ። የጃዕፈር ታላቅ ወንድም የህያ፣ ሥጋ ዘመድ ነውና፣ ይህን ሲሰማ መጣ።

"ሽጫት" አላት። "ሞተሯ አልቋል። አንቺም ሱቅሽ ውስጥ ተቀመጪ። ወንድሜ የለፋበትን መኪና ሰው እንዲስቅበት አልፈልግም።"

"ጋሽ የህያ፣ ዲማ ካልሄድኩ ሱቁ ብቻውን እነዚህን ልጆች አያሳድግም፤ እርስዎም ያውቃሉ" አለች። ያላለችው ነገር ደግሞ አለ። ጃዕፈር የቀረባት እዚያች መኪና ውስጥ ነበር። ወንበሩ እሱ በተቀመጠበት በኩል ጎድጉዷል። ያንን ለማን ይሸጡታል?

የህያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። ፈሪ ደግሞ ምክሩ ሁልጊዜ "ተይው" ነው። አንድ ዕድል ሰጣት፤ አሠሪያት፣ ካልሆነ ትሸጣለች አለ።

ታመነ ማለት ከሆሳዕና ወገን የመጣ መካኒክ ነው። መጀመሪያ ለፋብሪካ ሥራ ነበር ሰበታ የመጣው፤ በኋላ ጋራዥ ከፈተ። ጴንጤ ነው፣ ሲሠራ ይዘምራል፤ ሥራው ከከበደው መዝሙሩም ይረዝማል። ሰውን ሁሉ እህት፣ ወንድም ነው የሚለው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ አስነስቶ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ቆየና ዘወር አለ።

"እህት ራህመት፣ ይህ ሞተር አልደከመም። አየር ነው ያጣው።"

"ተራራ ላይ ያለ አየር አነሰው?"

"ተራራ ላይ ስለሆነ ነዋ። ደጋ አየሩ ስስ ነው። ሌላው መካኒክ ምን ያደርጋል፣ ፓምፑን ከፍቶ ነዳጅ ይጨምርለታል። አየር የሌለው ነዳጅ ደግሞ ጭስ ነው። ሰው አንቀሽ ይዘሽ ብታጎርሺው ይወፍራል?"

"አይወፍርም።"

"ስለዚህ አየር እናስገባለት። ቱርቦ እንግጠምለት።"

ራህመት ቱርቦ የሚለውን ቃል የሰማችው አዳዲስ መኪና ላይ ተጽፎ ነበር። ታመነ መሬት ላይ በመፍቻ ጫፍ ሣለላት። ሞተሩ የሚተፋው ጭስ በማርሚታው ከመውጣቱ በፊት በትንሽ ቤት ውስጥ ያልፋል፤ እዚያች ቤት ውስጥ ከሕፃን መዳፍ የማትበልጥ መዘውር አለች፤ ጭሱ ያሽከረክራታል። በሌላው ጎን፣ በዚያው ዘንግ ላይ፣ እህቷ አለች። አንዷ ስትሽከረከር ሌላዋም ትሽከረከራለች፤ ይህችኛዋ ከውጭ አየር እየሳበች ሞተሩ ውስጥ ታጭቃለች።

"ቆይ" አለች ራህመት። "የሚጣለው ጭስ ነው የሚሠራው?"

"የሚጣለው ጭስ ነው።"

"ሌላ የሚያዞራት ነገር የለም?"

"ምንም የለም።"

ራህመት ዕድሜዋን ሙሉ ነጋዴ ናት። የካርቶኑን ገመድ እንኳ የማትጥል ሴት ናት፤ ባዶ ጀሪካን ለብቻው ትሸጣለች። ግን ሰማይ ላይ የሚበተነውን ጭስ ጠርቶ "ና፣ ገና ሥራ አለህ" የሚል ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። "ሱብሃነላህ" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ለልጇ ለሲድራ እየተወች ጋራዥ መዋል ያዘች። ሰው ምን ይላል ማለት ድሮ ቀርቷል።

ታመነ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ያወረደ ቀን ስድስቱን ፒስተኖች አየቻቸው። በአንድ መስመር፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሰፍ ይዘው እንደሚሰግዱ ሰዎች ቆመዋል። ታመነ ከታች በእጁ ሲያዞር አንዱ ጥንድ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል፤ የሚቀድም የለም፣ የሚገፋ የለም። "ስድስት በአንድ መስመር እንዲህ ነው" አላት። "አንዱ የነቀነቀውን ሌላው ያረጋዋል። ልኩን ካገኘ ኮፈኑ ላይ ብርጭቆ ውሃ ብታስቀምጪ አይፈስም።" ይህ ሁሉ ዓመት እግሯ ሥር ይህን የሚያህል ነገር ሲሠራ እሷ ስለ ጨው ዋጋ ስታስብ መኖሯ አሳፈራት።

ቱርቦዋን ቡራዩ ከተፈታ መኪና ላይ አገኟት። ታመነ መቀመጫ በየደላት፣ ማርሚታውን አሰፋው፣ የአየሩን ቱቦ እንደገና ቀጠለው፣ ከሞተሩ ወደ መዘውሯ የምትሄድ እንደ ክር የቀጠነች የዘይት መስመር ዘረጋላት። ነዳጁን የጨመረው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ትንሽ፣ እንደ ጨው ቅምሻ። የተነሳች ቀን ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ቆመ። መጀመሪያ የድሮው ድምፅዋ ነበር። ታመነ ነዳጅ ሲረግጥ ግን ከሥሩ ሌላ ድምፅ ተነሳ፤ ቀጭን ፉጨት፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል፣ እየጠራ የሚሄድ። ጥቁሩ ጭስ ጠፋ። ራህመት እንባዋ መጣ፤ ነዳጁ ነው ዓይኔን ያቃጠለኝ አለች።

በመጀመሪያው የዲማ ገበያ የሆነው እስካሁን ይወራል። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ሊገፉ ወረዱ። መኪናዋ አልጠበቀቻቸውም። እያፏጨች፣ ሙሉ ጭነቷን ይዛ፣ ቀዩን ዳገት ወጣችውና አናቱ ላይ ቆመች። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እየተሳደቡና እየሳቁ፣ በእግራቸው ተከተሏት። "ስንገፋሽ ኖረን ዛሬ ጥለሽን ሄድሽ?" አሏት። ራህመት ግን ከወንበሯ መነሳት አቅቷት ነበር። እጇ መሪው ላይ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት መጣ፣ ከዚያው ከድሮው ብረት አይደል ወይ እያለች ታስባለች። ሽማግሌዎቹ ሊቀበሏት ሲነሱ አየች፤ ወዲያው ሞተሯን አጥፍታ ወረደች። "አካም ጅርቱ" አለች። "ነጋ" አሏት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ማንም አላወቀም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፉጨቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ሰማያዊ ጭስ መጣ። ታመነ ሲፈታት መዘውሯ ዘንጓ ላይ ተጋግራለች፣ ዘይቱ ከሰል ሆኗል። መዝሙሩን አቆመ። ይህ መጥፎ ምልክት ነው።

"ዳገት ከወጣሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ምን አደርጋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠብቁኛል፤ አጠፋና ሰላም እላለሁ።"

"ወዲያው?"

"ታዲያ እያጓራሁ ሰላም ልበላቸው?"

ታመነ ጭንቅላቱን ያዘ። "እህት ራህመት፣ ሰላምታው ነው የገደላት። ዳገት ወጥታ ስትጨርስ ይህች ብረት ፍም ናት። የሚያበርዳት የሚዞረው ዘይት ነው። ሞተሩን ስታጠፊ ዘይቱ ይቆማል፤ ፍሟ ላይ የተኛው ዘይት እዚያው ይቃጠላል። ሳትረግጫት ዝም ብላ በሚኒሞ ትቆይ፣ ትንፋሿን ትመልስ፣ ከዚያ አጥፊ።"

"ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትነግረኝም ነበር?"

"ሌላው ሾፌር ሞተሩን አስነስቶ ትቶ ሻይ የሚጠጣ ነው። ቆሞ ሳይውል የሚያጠፋ ሰው ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር?"

ሁለተኛዋን ቱርቦ ፍለጋ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ሱሉልታ ተገኘች፤ ያገኛት ሰው ሌላ እንደሌለው ምሎ ነው የሸጠላቸው። የህያ ይህን ጊዜ መጥቶ፣ እህቶቹ ባሉበት፣ የመጨረሻውን ተናገረ። ሦስተኛ ቱርቦ የለም፤ ይህችኛዋ ከተቃጠለች መኪናዋ በሳምንቱ ትሸጣለች። ራህመት በሁሉም ፊት "እሺ፣ ቃሌ ነው" አለች። ቃል ከሰጠች የምታጥፍ ሴት አይደለችም፤ ይህን እሱም ያውቃል።

"ምን ያህል ላቆያት?" ብላ ታመነን ጠየቀችው።

"አንድ መዝሙር እስኪያልቅ።"

"መዝሙርህን ለራስህ። እኔ ሙሰብሃ አለኝ።"

"ሙሰብሃሽን ጨርሺዋ። ግን እንዳትቸኩዪ፣ ዝክር በጥድፊያ አያምርም" አላት። ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ዲማ ስትደርስ ከገበያው ራቅ ብላ ዝግባው ሥር ትቆማለች፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ መቁጠሪያዋን ትጨርሳለች። ከዚያ አጥፍታ በእግሯ ትመጣለች። ሽማግሌዎቹ ይህን አልወደዱትም። ራህመት ገንዘብ አገኘችና ኮራች፣ መኪናዋ ውስጥ ሆና ታየናለች፣ የጃዕፈር ሥርዓት ቀረ አሉ። ሰማች። ምን ብላ ታስረዳ? በጭስ ስለሚዞር መዘውር ቢነግሯቸው ማን ያምናል? ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ኦቦ ነገሳም ምንም አላሉም፤ ግን ዝምታቸው ከሌሎቹ ወሬ ይልቅ ከነከናት።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ፤ ሁለት ሺህ ስምንት። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር ነበረ። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች፣ ሰበታንም፣ ቡራዩንም፣ ሱሉልታንም፣ ከነገበሬው ማሳ አብራ ልታቅድ ነው ተባለ። ገበሬው ዕቅድ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚህ በፊት የታቀደለት ጎረቤቱ አሁን የራሱ መሬት በነበረው ላይ ዘበኛ ነው። ተማሪው ክንዱን ከራሱ በላይ አጣምሮ ወጣ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ጥይት ተሰማ። ራህመትም እንደ ሰዉ በሯን ዘግታ፣ መኪናዋን ግቢ አስገብታ፣ ልጆቿን ይዛ ተቀመጠች።

አንድ ጠዋት ታመነ በጓሮ በኩል መጣ። የኦቦ ነገሳ ልጅ ሌንጂሳ፣ ኮሌጅ የገባው፣ በጥይት ሞቷል፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ አስከሬኑ ይመጣል፣ ዲማ ይቀበራል አላት። ራህመት ሌንጂሳን ታውቀዋለች። ፈረስ ወዳድ ነበር። ለእሱ ሁልጊዜ የምታመጣለት የፈረስ ማስጌጫ የሚሆን ቀይ የሱፍ ክር ነበር። ቁልፉን አነሳች።

የህያ በሩ ላይ ቆመ። "አብደሻል? መኪና በሚቃጠልበት ቀን?"

"ኦቦ ነገሳ የወንድምዎ ቀብር ላይ ቆመው ውለዋል" አለችው።

"ያቺ መኪና አንድ ነገር ብትሆን ቃልሽን እንዳትረሺ።"

"አልረሳም።"

ከከተማው መውጫ ላይ ዱላ የያዙ ሰዎች አስቆሟት። "ኤሳ?" አሏት፤ ወዴት ነው ማለታቸው ነው። "ነገሳ ጋ፣ ለቀብር" አለች። ተያዩ። አንዱ ጎንበስ አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ የደረደሩትን ድንጋይ በእጃቸው አነሱላት። ካለፈች በኋላ መልሰው ሲደረድሩት በመስታወት አየች።

ዳገቱ ሥር ስትደርስ ያየችው ነገር ልቧን ሰበረው። አስከሬኑን ያመጣው መኪና ዳገቱን አልችል ብሎ፣ ሳጥኑን አውርዶ ተመልሷል። የተሸከሙት ሽማግሌዎች ናቸው። አንድም ወጣት የለም፤ ከፊሉ ታስሯል፣ ከፊሉ ጫካ ገብቷል። ጥቂት እርምጃ ሄደው ያወርዱታል፣ ይተነፍሳሉ፣ እንደገና ያነሱታል። ዳገቱ ገና አልተጀመረም፣ ፀሐይዋ ግን አዘንብላለች። ከኋላቸው የሌንጂሳ ፈረስ ኮርቻው ተጭኖ፣ ባለቤት አጥቶ፣ በልጓም ይመራል። እናቱ ወይዘሮ ወርቅቱ ዓይኗ ደርቆ፣ ድምፅ ሳታሰማ ከሳጥኑ ጎን ትሄዳለች። ጮሃ እንኳ አላለቀሰችም። ይህ ከለቅሶ የከፋ ነው።

ራህመት አጠፋችና ወረደች። በሜዳ ነው የመጣችው፤ ሞተሩ አልጋለም። ኦቦ ነገሳን አቅፋ፣ አልቅሳ፣ ከዚያ መኪናዋን በእጇ አሳየቻቸው።

"ትችላለች?" አሏት።

"ኢንሻአላህ ትችላለች።"

ሳጥኑን ጫኑት። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ይዘው ቆሙ፣ ወርቅቱ ከራህመት ጎን ተቀመጠች፤ ፈረሱም እየተመራ ከኋላ ተከተለ። ራህመት እንደዚያ ቀን ነድታ አታውቅም። መፍጠን አይቻልም፤ ሳጥኑ ይንገጫገጫል። መዘግየትም አይቻልም፤ ዳገቱ ይውጣታል። በመጀመሪያ ማርሽ፣ ነዳጁን እንደ ሕፃን እጅ ይዛ፣ ያንን ሁሉ ሰውና ያንን ሐዘን ጭና ወጣች። ፉጨቱ ከሥር ተነሳ፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ሳይዋዥቅ። ያ የተጣለ ጭስ ተመልሶ ይገፋታል። ስድስቱ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ አንዱ የነቀነቀውን ሌላው ያረጋዋል። ሳጥኑ ላይ ብርጭቆ ውሃ ቢቀመጥ ባልፈሰሰ። ራህመት በሕይወቷ እንዲህ ፈርታም እንዲህ ተደንቃም አታውቅም። ይህን ያቀናጀ አእምሮ የሰው ነው ወይ አለች በልቧ፤ ለሰው ይህን አእምሮ የሰጠውስ ምን ያህል ትልቅ ነው። ወርቅቱ መዳፏን ከመስታወቱ ሥር ብረቱ ላይ አሳርፋ፣ ንዝረቱን እያዳመጠች እስከ አናቱ ድረስ አላነሳችውም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመች። ቄሶቹ ጥላ ይዘው ይጠብቃሉ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ሁሉም ወደ መኪናዋ ዞሯል። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ዝግባው ሩቅ ነው፤ ሬሳ ጭኖ እዚያ መቆም የለም። ራህመት ቁልፉን ያዘች። ፍሟ ታወቃት፤ ከዚህ በላይ ግላ አታውቅም። ቁልፉን ካዞረች ያቺ ቀጭን ዘይት እዚያው ከሰል ትሆናለች፤ መኪናዋ ትሸጣለች፣ ጃዕፈር የጎደጎደው ወንበር የሌላ ሰው ይሆናል፣ እሷም ሱቅ ውስጥ ትቀመጣለች። ካላዞረች ደግሞ የሰው ልጅ ሬሳ ፊት እያጓራች መቆሟ ነው። ይህን ጃዕፈር ቢያይ ምን ይላታል? ብረት ከሰው አይበልጥም አለች። እጇ ግን ቁልፉን አላዞረውም።

ኦቦ ነገሳ ከኋላ ወርደው መስኮቷ ጋ ነበሩ።

"እጅሽን ምን ያዘው?" አሏት።

"ምንም አልያዘውም፣ ላጠፋት ነው።"

"ራህመት፣ ምን ሆነሽ ነው?"

እንባዋ አመለጣት። "ኦቦ፣ ዳገት ወጥታ ወዲያው ካጠፏት ውስጧ ይቃጠላል። ለዚህ ነው ዝግባው ሥር የምቆመው። ኮርቼ አይደለም። ዛሬ ግን ትቃጠል፣ አጠፋታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ኦቦ ነገሳ ዘወር ብለው የልጃቸውን ፈረስ አዩ። ዳገቱን ወጥቶ አረፋ ደፍቋል፤ የያዘው ሰው ሳያስረው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዙሪያ ቀስ እያለ ያዞረዋል፣ ላቡ እንዲደርቅ፣ ልቡ እንዲረጋ። ዳገት የወጣ ፈረስ ወዲያው አይቆምም፤ ይህን ዲማ ላይ የማያውቅ ሰው የለም። ኦቦ ነገሳ መኪናዋን አዩ፣ ፈረሱን አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ትኩሱ ኮፈን ላይ፣ ልክ የፈረስ አንገት ላይ እንደሚያሳርፉ አሳረፉ።

"ዲሲ" አሏት፤ ተያት። "ሃፉራ ሃ ባፈቱ። ትንፋሿን ትመልስ።"

"ኦቦ፣ ቄሶቹ ቆመዋል፣ ሰዉ ቆሟል..."

"ይቁሙ። ሌንጂሳ ፈረስ ሳያበርድ አስሮ አያውቅም። በእሱ ቀብር ላይ ይህን ብናደርግ ይቆጣናል።"

ወደ ሰዉ ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ። ኮራች ይሏት የነበሩት ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሐዘኑን በሆዱ ይዞ፣ አንዲት አሮጌ መኪና ትንፋሿን እስክትመልስ ቆመ። ራህመት ሙሰብሃዋን አወጣች። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ወረደ፤ የስድስቱ ምት ብቻ ቀረ፣ የተረጋጋ፣ እኩል። ፈረሱ በአጥሩ ዙሪያ ይዞራል። የኦቦ ነገሳ መዳፍ ከኮፈኑ አልተነሳም። ሰበታ ላይ፣ ቡራዩ ላይ፣ በየመንገዱ እሳት በሚነድበት በዚያ ቀን፣ እዚያ አናት ላይ ሰው ለድካም ክብር ሰጥቶ ቆመ። ራህመት ዝክሯን በጥድፊያ አላለችውም። የመጨረሻዋን ፍሬ አሳለፈች፣ ቁልፉን መለሰች።

ሞተሩ ዝም ሲል ወርቅቱ ያኔ ጮኸች። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የጀመረው፤ ያን ጊዜ ነው ሁሉም ያለቀሰው፤ ሳጥኑንም ያን ጊዜ አወረዱት።

ቱርቦዋ ዛሬም አለች። የህያም መኪናዋን ሽጫት ማለት ትቷል፤ ታመነም ሲያገኛት "ዝክሩ እንዴት ነው?" እያለ ይቀልድባታል። ራህመት ዝግባው ሥር መቆም ትታለች። ዲማ ስትወጣ እስከ ገበያው መሃል ትነዳለች። ሽማግሌዎቹ ሲያዩዋት ይነሳሉ፣ ግን አይመጡም፤ በትራቸውን ይዘው ራቅ ብለው ይቆማሉ። የማያውቅ እንግዳ ሰላም ሊላት ቀደም ካለ፣ ከአጠገቡ ያለው ሰው ክንዱን ይይዘውና "ሃፉራ ሃ ባፈቱ" ይለዋል። እሷ ሙሰብሃዋን ትጨርሳለች፣ ቁልፉን ትመልሳለች፣ ትወርዳለች። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።